2147483647 (ቁጥር)

2147483647 (ሲነበብ፦ ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት) ባለ 10 አሃዝ ብቸኛ ቁጥር ነው። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ሙሉ ቁጥር የሌለው ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 የመጀመሪያዎቹ ናቸው። 2147483647 የሚገኘው 31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ 1 በመቀነስ ስለሆነ በአጭሩ 2³¹ − 1 ተብሎ ይጻፋል። ከላይ በትንሹ የተጻፈው 31 አርቢ ይባላል። ይህ ቁጥር «የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች» ከሚባሉት ውስጥ ስምንተኛው ነው።

ብቸኛ መሆኑን ያረጋገጠው የስዊዘርላንዱ ተወላጅ ሊዮናርድ ኦይለር ሲሆን ማረጋገጫውም ለበርሊን አካዳሚ የ1772 ጥራዝ በተላከ ደብዳቤ ወጣ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ከሰባ ዓመታት በላይ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆይቷል። በዘመናችን ደግሞ ብዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በአንድ የሙሉ ቁጥር ቦታ ሊይዙት የሚችሉት ከፍተኛ ዋጋ ይኸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኦይለር በፊት

ከ2 ርቢዎች 1 ሲቀነስ አንዳንድ ጊዜ ብቸኛ ቁጥር ይገኛል፦ 2² − 1 = 3፣ 2³ − 1 = 7፣ 2⁵ − 1 = 31፣ 2⁷ − 1 = 127። አርቢው ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ግን ውጤቱ ፈጽሞ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ 6 የ2 እና የ3 ብዜት ስለሆነ 2⁶ − 1 = 63 በ3ም በ7ም ይካፈላል። የዚህ ተቃራኒ እውነት አይደለም፤ 11 ብቸኛ ቁጥር ቢሆንም 2¹¹ − 1 = 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ብቸኛ አርቢ ለየብቻ መመርመር ግድ ይላል፤ የታሪኩም ችግር ከዚሁ ይጀምራል።

ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ በ1603 ባሳተመው መጽሐፍ 2¹⁷ − 1 እና 2¹⁹ − 1 ብቸኛ መሆናቸውን በትክክል አሳየ። ዘዴው ቀጥተኛ ነበር፤ ቁጥሩን በትናንሾቹ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ በተራ እያካፈሉ ቀሪ መኖሩን ማየት። 2¹⁹ − 1 = 524287 ሲሆን፣ እስከ 724 ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃዋል። ካታልዲ በዚህ ሳይወሰን 23፣ 29፣ 31 እና 37 አርቢ ሲሆኑም ብቸኛ ቁጥር ይገኛል አለ፤ ለእነዚህ ግን ማረጋገጫ አልነበረውም። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 2²³ − 1 በ47፣ 2³⁷ − 1 ደግሞ በ223 እንደሚካፈሉ አገኘ። በ1738 ኦይለር 2²⁹ − 1 በ233 እንደሚካፈል አሳየ። ከአራቱ የካታልዲ ግምቶች ሳይወድቅ የቀረው 31 ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን እስካሁን አልወደቀም እንጂ ተረጋግጧል የሚባል አልነበረም።

ቁጥሮቹ ስማቸውን ያገኙት ከፈረንሳዊው መነኩሴ ማሬን መርሴን ነው። መርሴን በ1644 እስከ 257 ካሉት አርቢዎች ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ናቸው ብሎ ጻፈ። ዝርዝሩ አምስት ስህተቶች አሉት፤ 67 እና 257 ሊገቡ አይገባም ነበር፣ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘለዋል። ስለ 31 የተናገረው ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ በምን እንዳወቀው አላሳየም።

የኦይለር ማረጋገጫ

አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ከአካፋዮቹ ቢያንስ አንዱ ከዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ከሚሰጠው) አይበልጥም። የ2147483647 ዳግም ዘር ከ46340 ጥቂት ከፍ ይላል። ከዚያ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ወደ 4,800 ገደማ ናቸው። አንዱን ማካፈል በብዕርና በወረቀት አምስት ደቂቃ ይወስዳል ብንል፣ በካታልዲ መንገድ መሄድ 400 ሰዓት ይጠይቃል ማለት ነው። ያም በመሐል አንዲት ስህተት እንኳ ካልተሠራች ነው።

ኦይለር ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ መሞከር እንደማያስፈልጋቸው አሳየ። አካሄዱን ለመረዳት በመጀመሪያ ቀለል ያለውን 2¹¹ − 1 እና አካፋዩን 23 መውሰድ ይጠቅማል። 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 … እየተባለ የሚሄዱት የ2 ርቢዎች ለ23 ሲካፈሉ የሚተርፉት ቀሪዎች በተራ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 9፣ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12 እና 1 ናቸው። 1 ላይ ሲደርስ ዙሩ ከ2 እንደገና ይጀምራል። የዙሩ ርዝመት 11 ነው። ፌርማ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ 2 ከአንድ ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር በ1 ባነሰ አርቢ ሲረባ ለዚያ ብቸኛ ቁጥር ቢካፈል ቀሪው ምንጊዜም 1 መሆኑን አስታውቆ ነበር፤ ለ23 ከሆነ 2²² ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ ዙሩ 22 ላይ በትክክል መዘጋት አለበት፤ 11 ለ22 አካፋይ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን 2³¹ − 1 አንድ ብቸኛ አካፋይ አለው እንበል፤ ስሙን ቀ እንበለው። 2³¹ ለቀ ሲካፈል ቀሪው 1 ይሆናል። 31 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ዙሩ ከዚያ ባነሰ ርዝመት ሊዘጋ አይችልም፤ ርዝመቱ 31 ነው። ስለዚህ ቀ − 1 በ31 ይካፈላል። ቀ ጎዶሎ ስለሆነ ቀ − 1 በ2ም ይካፈላል፤ በድምሩ በ62 ይካፈላል። ለ62 ሲካፈል 1 የማይተርፈው ብቸኛ ቁጥር ሁሉ በዚህ አንድ እርምጃ ከምርመራው ወጣ።

ሁለተኛው እርምጃ ይህን ያህል ግልጽ ባይሆንም የሚቀንሰው ብዙ ነው። 2³¹ ለቀ ሲካፈል 1 ከተረፈ፣ 2³² ሲካፈል 2 ይተርፋል። 2³² ግን 2¹⁶ በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ለቀ ሲካፈል 2 ሊተርፍ የሚችለው፣ ቀ ራሱ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 የሚተርፈው ከሆነ ብቻ ነው። ሁለቱ ሁኔታዎች ሲጣመሩ ቀ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 መትረፍ አለበት።

ከ46340 በታች እንዲህ ያሉ ቁጥሮች፣ 1ን እና 63ን ትተን፣ 372 ናቸው። ከእነሱም አብዛኞቹ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይወድቃሉ፦ 249 በ3፣ 497 በ7፣ 559 በ13፣ 745 በ5 ይካፈላሉ። የሚቀሩት ብቸኞቹ ከመቶ ያነሱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 311፣ 1303 እና 1489 ናቸው። 2147483647 ለ311 ሲካፈል 6905092 ደርሶ 35 ይተርፋል፤ ስለዚህ 311 አካፋይ አይደለም። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሲሞከሩ ሁሉም ቀሪ ይተዋሉ። የ400 ሰዓቱ ሥራ ወደ አንድ ቀን ሥራ ወረደ።

ኦይለር በዚያን ጊዜ በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ነበር። የዓይኑ ብርሃን ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ስለነበር ሥራዎቹን ለረዳቶቹ በቃል እያስጻፈ ነበር የሚያሳትመው።

እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አንድ ድካም አለው። አንድ ሰው «ይህ ቁጥር በ233 ይካፈላል» ቢል፣ አንባቢው አንዴ አካፍሎ ያረጋግጣል። «አካፋይ የለውም» ሲባል ግን ማካፈሉን ሁሉ እንደገና ካልሠራ በቀር ቃሉን ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም። ለመርሴን ቁጥሮች ከዚህ የሚያወጣ ፍጹም የተለየ ፈተና የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካ በ1870ዎቹ የጀመረውንና አሜሪካዊው ዴሪክ ሌህመር በ1930ዎቹ ያቀለለውን ይህን ፈተና ለመሥራት ከ4 ይጀመራል፤ ቁጥሩ በራሱ ይባዛል፣ 2 ይቀነሳል፣ ውጤቱ ለሚመረመረው ቁጥር ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይያዛል፤ ይህም አርቢው ሲቀነስ 2 ያህል ጊዜ ይደጋገማል። የመጨረሻው ቀሪ 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም። ለ2⁵ − 1 = 31 ሦስት እርምጃ ይበቃል፦ ከ4 ወደ 14፤ 14 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 194፣ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8፤ ከ8 ደግሞ 62፣ ቀሪው 0። ለ2147483647 የሚያስፈልገው 29 እርምጃ ሲሆን፣ መጨረሻው 0 ነው። ኦይለር አልተሳሳተም።

«የመጨረሻው» ተብሎ የታሰበ ቁጥር

ከ2147483647 በፊት የትልቅነቱን ስፍራ ይዞ ነበር ተብሎ የሚጠቀሰው 6700417 ነው። ይህም ኦይለር በ1732 2³² + 1 በ641 እንደሚካፈል ሲያገኝ የተረፈው ሌላው አካፋይ ነው።

እያንዳንዱ የመርሴን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ይዞ ይመጣል። ፍጹም ቁጥር ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ ነው፤ 6 = 1 + 2 + 3 እንዲሁም 28 = 1 + 2 + 4 + 7 + 14። 2147483647 በ2³⁰ ሲባዛ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ይገኛል፤ እሱም ባለ 19 አሃዙ 2305843008139952128 ነው።

እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ፒተር ባርሎ በ1811 ባሳተመው የቁጥር ቲዎሪ መጽሐፉ ስለዚህ ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ፣ ወደፊት ከሚገኙት ሁሉ ትልቁ ይኸው እንደሚሆን ገመተ። ምክንያቱ፣ እነዚህ ቁጥሮች ለማወቅ ጉጉት ካልሆነ በቀር ለምንም ስለማይጠቅሙ ከዚህ ያለፈውን ለመፈለግ የሚደክም ሰው አይኖርም የሚል ነበር። በወቅቱ ከነበረው የስሌት ድካም አንጻር ግምቱ የሞኝ አልነበረም። ይሁን እንጂ በሁለቱም በኩል ሳይሰምር ቀረ፤ ፈላጊም አልጠፋም፣ ቁጥሩም ጥቅም አላጣም።

በ1867 ፈረንሳዊው ፎርቱኔ ላንድሪ 2⁵⁹ − 1ን 179951 እና 3203431780337 ወደሚባሉ ብቸኛ አካፋዮች ከፈለ፤ ሁለተኛው ከ2147483647 እጅግ ይበልጣል። በ1876 ሉካ ባለ 39 አሃዙ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አሳየ። በ1883 ደግሞ ሩሲያዊው ቄስ ኢቫን ፔርቩሺን መርሴን የዘለለውን 2⁶¹ − 1 አገኘ። በጥቅምት 2024 የተገለጸው 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 41,024,320 አሃዞች አሉት።

በኮምፒዩተር ውስጥ

ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። በዚህ አጻጻፍ 2147483647 ሠላሳ አንድ 1ዎች ተደርድረው ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ለአንድ ሙሉ ቁጥር 32 ቢት ይመድባሉ፤ አንዱ ቢት ቁጥሩ ከ0 በታች መሆን አለመሆኑን ለመለየት ስለሚውል፣ ለመጠኑ 31 ቢት ይቀራል። ሁሉም 1 ሲሆኑ ጣሪያው ተነካ ማለት ነው። በዚህ ላይ 1 ሲደመር በብዙ ማሽኖች ውጤቱ −2147483648 ይሆናል። የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 999999 ላይ ደርሶ ወደ ዜሮ እንደሚመለሰው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው የሚመለሰው ወደ ዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች ወዳለው የመጨረሻ ጫፍ መሆኑ ነው።

ጣሪያው ብቸኛ ቁጥር የሆነው ታስቦበት ሳይሆን እንዲያው ገጥሞ ነው። ለ8 ቢት ጣሪያው 127 ስለሆነ ብቸኛ ነው፤ የ16 ቢቱ 32767 ግን የ7፣ የ31 እና የ151 ብዜት ነው፤ የ64 ቢቱ 9223372036854775807ም በ7፣ በ73 እና በ127 ይካፈላል።

ገደቡ በአደባባይ የታየበት አንዱ አጋጣሚ የደቡብ ኮሪያው ዘፋኝ ሳይ «ጋንግናም ስታይል» የተሰኘ ቪዲዮ ነው። በታኅሣሥ 2014 የቪዲዮው የተመልካች ብዛት ወደ 2147483647 በመድረሱ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደጉን አስታወቀ።

ከዚህ የከበደው የሰዓት ጉዳይ ነው። በዩኒክስ ሥርዓትና በዘሮቹ ጊዜ የሚቆጠረው ከጥር 1 ቀን 1970 (ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.) መባቻ ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ቆጠራው በ32 ቢት ከተያዘ ከ68 ዓመት ጥቂት ከፍ ብሎ ያልቃል። የመጨረሻዋ ሰከንድ የምትውለው በግሪንዊች ሰዓት ጥር 19 ቀን 2038፣ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል፤ የጥምቀት በዓል ንጋት ማለት ነው። ያልተስተካከለ መሣሪያ በቀጣዩ ሰከንድ ወደ ታኅሣሥ 13 ቀን 1901፣ ማለትም ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይመለሳል። አዳዲሶቹ የኮምፒዩተርና የስልክ ሥርዓቶች አብዛኞቹ ወደ 64 ቢት ስለተሸጋገሩ የሚያሰጉት በይበልጥ ሳይታደሱ ለረጅም ዓመታት የሚሠሩት፣ በማሽኖች ውስጥ የተቀበሩ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ናቸው።

የዘፈቀደ ቁጥሮች

ከላይ ባሉት ምሳሌዎች የቁጥሩ ብቸኛነት ሚና የለውም። ብቸኛነቱ በቀጥታ የሚሠራው የዘፈቀደ የሚመስሉ ቁጥሮችን በማመንጨት ላይ ነው። ቀደም ሲል ስሙ የተጠቀሰው ሌህመር ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ አንድ ቁጥር ተይዞ በቋሚ ቁጥር ይባዛል፣ ለሌላ ቋሚ ቁጥር ይካፈላል፣ ቀሪው ቀጣዩ ቁጥር ይሆናል። በ1969 ለአይቢኤም ሲስተም 360 ኮምፒዩተሮች በወጣው አሠራር ማባዣው 16807፣ ማካፈያው 2147483647 ነው። ከ1 ሲጀመር 16807፣ 282475249፣ 1622650073፣ 984943658 … እያለ ይሄዳል።

ማካፈያው ብቸኛ ባይሆን ዙሩ ቶሎ ሊዘጋ ይችል ነበር። እዚህ ግን ከ1 እስከ 2147483646 ያለው ቁጥር ሁሉ አንዴ ብቻ ሳይደገም ይወጣና ከዚያ በኋላ ነው ወደ 1 የሚመለሰው። ይህ የሚሆነው ለማንኛውም ማባዣ አይደለም። ከቁጥሩ በ1 የሚያንሰው 2147483646 የሚከፈለው በ2፣ 3፣ 7፣ 11፣ 31፣ 151 እና 331 ነው (3 ሁለት ጊዜ ይገባል)። ሙሉውን ዙር የሚሄደው ትንሹ ማባዣ 7 ነው፤ 16807 ደግሞ አምስት ሰባቶች ተባዝተው የሚገኝ ሲሆን፣ 5 ከተዘረዘሩት አካፋዮች መካከል ስለሌለ እሱም ሙሉውን ዙር ይሄዳል። ስቴፈን ፓርክ እና ኪት ሚለር በ1988 ይህን አሠራር ሌሎች ቢያንስ ሊያሟሉት የሚገባ ዝቅተኛ መለኪያ አድርገው አቀረቡት። ፕሮግራሙ በትክክል መጻፉን ለማየት ከ1 ተነስቶ 10,000 ጊዜ ማስኬድ ይበቃል፤ ውጤቱ 1043618065 መሆን አለበት። ለምስጢር ጥበቃ ግን አይሆንም፤ አንዱን ቁጥር ያየ ሰው ቀጣዮቹን ሁሉ ማስላት ይችላል።

ድርብ የመርሴን ቁጥር

የ2147483647 አርቢ የሆነው 31 ራሱ የመርሴን ብቸኛ ቁጥር ነው (2⁵ − 1)። እንዲህ ያሉት ድርብ የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው፦ 7፣ 127፣ 2147483647 እና 2¹²⁷ − 1። ሰንሰለቱን አንድ እርምጃ ወስዶ 2147483647ን ራሱን አርቢ ማድረግ ይቻላል፤ የሚገኘው ቁጥር ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዞች አሉት። ብቸኛ ግን አይደለም፣ በ295257526626031 ይካፈላል። ይህ አካፋይ ኦይለር ለ31 ያወጣውን ሕግ ይጠብቃል፦ 1 ሲቀነስለት የ2147483647 እጥፍ በ68745 ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው።